በመሠዊያው የተለሰነው ድንጋይ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኖኒ ደርካን የኪልሞራንን የጥንት መቃብር በር ገፍታ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ሣሩን ነው። ሣሩ ተላጭቷል። ከዚያ ዐይኗ ጣሪያ ካጣ አራት መቶ ዓመት ያለፈውን ቤተ ክርስቲያን አልፎ ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ሄደ፤ እዚያ ምንም የለም። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ዐይኗ ግን ደህና ነው፤ ቢሆንም መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ እጅጌ ጠርጋ እንደገና አየች። አሁንም ምንም የለም። ያ ሁሉ ያልተጠረበ፣ ያልተጻፈበት፣ ግማሹ መሬት ውስጥ የሰጠመ ድንጋይ ተነቅሎ ቦታው እንደ ኳስ ሜዳ ተደልድሏል።

«ተለወጠ አይደል፣ እትዬ ኖኒ?» አለ ጃርላት ኮስግሬቭ የእጅ ጋሪውን እየገፋ ሲመጣ።

ጃርላት የመቃብሩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። የመንገድ ሥራ ፎርማን ሆኖ ጡረታ የወጣ፣ ጠማማ ነገር ካየ ቀኑን ሙሉ የሚከነክነው ሰው። ከሌላ አውራጃ፣ ከስላይጎ፣ መጥቶ እዚህ ካገባ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ሰዉ ግን እስከ ዛሬ «የስላይጎው ሰውዬ» ነው የሚለው። ይህን ስም ለማስፋቅ ነው መሰለኝ ለአጥቢያው የማይሠራው ሥራ የለም።

«ድንጋዮቹስ?» አለች ኖኒ።

«የትኞቹ?»

«በሰሜን በኩል የነበሩት።»

«እነዚያማ! የሣር ማጨጃውን ስንት ጊዜ ሰበሩብን መሰለዎት። አርባ ሦስት ናቸው፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። ከግንቡ የወደቁ ይሆናሉ። አንዱንም አልጣልኩም ታዲያ። ይምጡ ላሳይዎት።»

ወደ ፍርስራሹ ምሥራቃዊ ጫፍ ይዟት ሄደ። ለእሑዱ ቅዳሴ አዲስ መሠዊያ ተሠርቷል፦ ከታች የሜዳ ድንጋይ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ከላይ አንድ ሰፊ ጥርብ ድንጋይ።

«የአጥቢያው ድንጋይ ለአጥቢያው ቅዳሴ» አለ ጃርላት። ለእሑድ ንግግሩ ያዘጋጃት ዐረፍተ ነገር እንደሆነች ያስታውቃል።

ኖኒ ጎንበስ አለች። ከታች ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በስተግራ፣ የዳቦ ያህል ጥቁር ድንጋይ አለ፤ እንደ ደም ሥር ያለ ነጭ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ አግድሞ ያልፍበታል። እስከ ግማሹ ሲሚንቶ ውስጥ ገብቷል።

የዚህን ድንጋይ ነገር የሚያውቁት እሷና ባሏ ታዲ ብቻ ነበሩ፤ ታዲ ደግሞ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከአርባ ስምንት ዓመት በፊት፣ በየካቲት፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ሞታ ተወለደች። ያኔ ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን በተባረከ መሬት አይቀበርም። አባት ሣጥኑን በብብቱ ይዞ፣ ሰው ሳያየው፣ ከፈረሰው ቤተ ክርስቲያን በስተሰሜን፣ ካልተባረከው ጥግ፣ ወስዶ ይቀብርና ከእርሻው ያመጣውን ድንጋይ ያስቀምጣል። ስም አይጻፍ፣ ጸሎት አይደረግ፣ ወሬው ሁለተኛ አይነሣ። በኪልሞራን እንዲህ ያላደረገ ቤት ጥቂት ነው፤ ያደረገውም ሁሉ ዝም ብሏል። ዝምታው በደንብ ስለተጠበቀ፣ አንድ ቅን የስላይጎ ሰው ሕፃናት የተኙበትን መሬት የወዳደቀ ድንጋይ ያለበት ሜዳ መስሎት አስተካከለው።

«መልሳቸው» አለች ኖኒ።

«ምኑን?»

«ድንጋዮቹን። ወደነበሩበት መልሳቸው። እስከ እሑድ አምስት ቀን አለህ።»

ጃርላት ሳቀ፤ ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። «እትዬ ኖኒ፣ ሲሚንቶ እኮ ነው፣ ደርቋል። ስድስት ሰው አምስት ሳምንት ሙሉ ወገቡን ያጎበጠበት ሥራ ነው። ደግሞስ ለምን?»

ለምን? ይሄኔ የኖኒ አፍ ተዘጋ። «ድሮም እዚያ ስለነበሩ ነዋ» አለች በመጨረሻ።

«ድሮማ ሣሩም እስከ ጉልበት ነበር» አለ ጃርላት፤ ተቀይሟል። ጋሪውን አንሥቶ ሄደ።

ኖኒ እርር ድብን ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የፊታችን እሑድ የመቃብር እሑድ ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ በሐምሌ፣ አጥቢያው ሁሉ እዚህ ይሰበሰባል፤ ከደብሊንም ከእንግሊዝም የሚመጣ አለ። ቅዳሴው ሲያልቅ እያንዳንዱ ቤተሰብ በየራሱ መቃብር አጠገብ ይቆማል፤ ቄሱም በየመሀሉ እየዞሩ ጸበል ይረጫሉ። በራሱ መቃብር አጠገብ ያልቆመ ሰው እስከ ገና ይወራበታል። ወደ ሰሜን በኩል ግን ሄደው የሚያውቁ ቄስ የሉም። ኖኒ አርባ ስምንት ሐምሌ፣ ጸበሉ ከመድረሱ በፊት፣ «እግሬ ደነዘዘ፣ ላፍታታው» እያለች ከደርካኖች መቃብር ትርቅና ያ ድንጋይ አጠገብ ሄዳ ትቆማለች። ነፋስ ከረዳት አንዲት ጠብታ ትደርሳለች ብላ ነው። ደርሳ እንደሆነ አታውቅም። ይህን ብቻ ነበር የምታደርግላት፤ አሁን እሱንም ወሰዱባት።

በጃርላት ተናደደች። ከዚያ ደግሞ በራሷ። «ልጄ ናት» ማለት ሁለት ቃል ነው፤ ምን ያስፈራል? ታዲ በዚያን ቀን ሲመለስ እጁን ታጥቦ «ነጭ ሥር ያለበትን ድንጋይ ነው ያስቀመጥኩት። ወሬውን ሁለተኛ አናነሣውም» አላት፤ አላነሡትም። ሁለተኛው ልጃቸው ኤንዳ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ከብቱን ተረክቦ፣ አርባ አራት ዓመት ሞልቶት እንኳ እኅት እንደነበረችው አያውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ቄሱ ዘንድ ሄደች። አባ ኪሊያን ሦስት አጥቢያ ደርበው የያዙ ወጣት ናቸው፤ መቼም ቢያገኟቸው አንድ እግራቸው መኪና ውስጥ ነው።

«አባ፣ የመቃብሩ ድንጋዮች ተነሥተዋል» አለቻቸው።

«አዎ፣ ጃርላት አሳየኝ። ግሩም ነው። ጳጳሱም ፎቶውን አይተውታል።»

«መነሣት አልነበረባቸውም።»

«ለምን፣ እማማ ኖኒ?»

ደግሞ ለምን። ኖኒ ቦርሳዋን ጨብጣ ቆመች። እኚህ ቄስ ያኔ አልተወለዱም፤ ያን ሕግ ያወጡትም እሳቸው አይደሉም፤ ግን ያው የቄስ አንገትጌ ነው ያደረጉት፣ እሱን እያዩ መናገር አልሆነላትም። «ያረጁ ናቸው» አለች።

«ነገሩ የቅርስ ከሆነ የአውራጃው ቢሮ ነው የሚመለከተው። ይደውሉላቸው፣ ደግ ሰዎች ናቸው» አሉ አባ ኪሊያን ከልባቸው። ከዚያ በሌላው አጥቢያቸው፣ በባሊንሎክ፣ የቀብር ሥነ ሥርዓት ነበረባቸውና መኪናዋ ሄደች።

ሐሙስ ደወለች። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዋሽንት ካስደመጧት በኋላ አንዲት ትሑት ልጅ መስመሩ ላይ መጣች።

«ቅሬታዎ የመታሰቢያ ሐውልትን ነው የግንብ ክፍልን የሚመለከት?»

«ድንጋይን።»

«ጽሑፍ አለበት?»

«የለበትም።»

«እንግዲያው ‹ሌሎች› በሚለው ሥር ነው የሚገባው። ቅጹን በፖስታ እልክልዎታለሁ። ቦታው ለምን እንደሚያሳስብዎ አንድ አንቀጽ ይጽፉበታል፤ መልሱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ነው።»

«እሑድ እኮ ነው።»

«የትኛው እሑድ፣ እናቴ?»

ኖኒ ስልኩን ዘጋች። ሻይ አፈላች፣ ሳትጠጣው ደፋችው። ሌሎች። አርባ ስምንት ዓመት ይዛው የኖረችው ነገር በመንግሥት ወረቀት ላይ ስሙ «ሌሎች» ነው።

ዐርብ ዕለት ፓኪ ሎፍተስን ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ጋዜጣውን ይዞ አገኘችው። ፓኪ ሰማንያ ዓመቱ ነው፤ ኮሚቴው ውስጥ በዕድሜ ከሱ የሚበልጥ የለም።

«ሲደለድሉ የመለኪያውን ገመድ የያዝከው አንተ ነህ አሉ» አለችው አጠገቡ እየተቀመጠች።

«ያዝኩ። አካፋማ ማን ያስነካኛል።»

«ምን እንደሆኑ እያወቅህ።»

ፓኪ ጋዜጣውን አጠፈ። መልሶ ዘረጋው። «አንቺ ደግሞ በስተርጅና ነገር ፍለጋ ወጣሽ» አለ።

«እናትህ እዚያ ሁለት አላት።»

«ሦስት» አለ ፓኪ ቀስ ብሎ።

ኖኒ ዘወር ብላ አየችው። «ታዲያ እየተነቀሉ ቆመህ ስታይ አፍህን ምን ለጎመው?»

«ምን ልበል? ተው ብለው ለምን ይለኛል። ለምን ሲለኝ ልናገር ነው። ስድስት ሰው በቆመበት እናቴን ላወራ ነው?» ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ መታ። «አንቺስ? ማክሰኞ እዚያ ነበርሽ፣ አይቼሻለሁ። ነገርሽው?»

ኖኒ ደሟ ፈላ፤ ያፈላው ደግሞ ሽማግሌው እውነቱን መሆኑ ነው። «አልነገርኩትም» አለች።

«ይኸው። ዝም ብለን እዚህ ደርሰናል፣ ኖኒ።»

«የት ደረስን?» አለችው። ፓኪ ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የታዲን መዶሻና መሮ ከመጋዘኑ አወጣች፣ በገበያ ዘንቢል አድርጋ መኪናዋ ውስጥ ከተተች፣ መቃብሩ ሄደች። ሰው አልነበረም። መሠዊያው ፊት የጸሎት መንበርከኪያ ትራሷን አንጥፋ ተንበረከከች፤ ከሩቅ ያያት ሰው እንዴት ያለች መንፈሳዊት ሴት ናት ይል ነበር። መሮውን ሲሚንቶው ላይ ደገነችና መታች። ፍንጣሪ ተነሣ እንጂ ሲሚንቶው አልሰማም። ጃርላት ሲሠራ አጥብቆ ነው የሚሠራው። በአሥረኛው ምት መዶሻው ስቶ አውራ ጣቷን አገኘው፤ ለተቀደሰ ስፍራ የማይሆን ቃል ተናገረች፣ ጣቷን መጠጠች፣ ደግሞ መታች። ሩብ ሰዓት ስትለፋ የወጣው አንድ ጭብጥ የማይሞላ ብናኝ ነው። ከንዴቷ የተነሣ ዕንባዋ መጣ።

«እትዬ ኖኒ!»

ጃርላት የታጠፈ ነጭ ጨርቅና ሁለት ወንበር ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ወንበሮቹን ጣላቸውና እየሮጠ መጣ። «ምን እያደረጉ ነው? አብደዋል? ለነገ ነው እኮ! ሦስት መቶ ሰው ነው የሚመጣው!»

«ይምጣ።»

«መዶሻውን ይስጡኝ። ምን በድዬዎት ነው? ስላይጎ ስለተወለድኩ ነው? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር በሠራሁ ቁጥር አንዱ ይነሣል። አሁን ኤንዳን ልጠራው ነው፣ እምቢ ካሉ ፖሊስ…»

«ልጄ ናት» አለች ኖኒ።

«የቷ ልጅ?»

«ይቺ።» መሮውን ነጩ ሥር ላይ አሳረፈችው። አንዴ ከወጣ በኋላ ቀሪው በራሱ ጊዜ መጣ፣ ልታቆመው ብትፈልግም አትችልም ነበር። «በየካቲት ነው። ሞታ ተወለደች። አዋላጇ በፎጣ ጠቅልላ ይዛት ወጣች። ‹ስጪኝ› ብላት ‹አለማየቱ ይሻልሻል› አለችኝ። እግሯን እንኳ አላየሁም። ታዲ እዚያ ወስዶ ቀበራት፣ ይቺን አስቀመጠባት። ከግንብ የወደቀ አይደለም፣ ጃርላት። አርባ ሦስቱም የሰው ልጆች ናቸው።»

ጃርላት ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ነጩን ጨርቅ ጉልበቱ ላይ አድርጎ የገነባውን መሠዊያ አየ፤ ድንጋዩን አንድ በአንድ እያየ መሆኑ ከዐይኑ ያስታውቃል።

«ለምንድነው ያልነገራችሁኝ?» አለ። ድምፁ የፎርማን ድምፅ አልነበረም። «አምስት ሳምንት እዚህ ስንሠራ ስንቱ ሰው አለፈ፣ ስንቱ ‹ጎሽ› አለን። አንድ ሰው እንኳ…»

«ለራሴ ልጅስ መቼ ነገርኩት» አለች ኖኒ።

መዶሻውን ከእጇ ወሰደ። አሁን ግን ሊከለክላት አልነበረም። ሸሚዙን ጠቅልሎ ተንበረከከና ዙሪያውን እየለቀመ፣ ድንጋዩን ሳይነካ ሲሚንቶውን ብቻ እየመታ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራ። የመሠዊያው ግራ ጎን ተሰነጠቀ፤ አላቆመም። ድንጋዩ ሲወጣ በያዘው ጠርሙስ ውሃ አጥቦ በመሐረቡ አደረቀውና በሁለት እጁ ሰጣት።

«የት ነበረች? ያሳዩኝና እኔው እተክላታለሁ። ዛሬውኑ።»

ወደ ሰሜን በኩል ሄዱ። ኖኒ ድንጋዩን ደረቷ ላይ ይዛ ከግድግዳው ጥግ ጀመረች። አምስት እርምጃ ሄደች፣ ቆመች። ወደ ግራ ሁለት ሄደች። ተመለሰች። «እዚህ ጋ» አለች። «አይ። እዚያ ነው መሰለኝ።» አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ወደ ድንጋዩ ነበር የምትሄደው፤ ድንጋዩ የተቀመጠበትን መሬት ለይታ አይታው አታውቅም። ስንት እርምጃ እንደሆነ ቆጥራ አታውቅም፤ ድንጋዩ እያለ ምን ያስቆጥራታል? አጠገቡ የነበረው እሾሃማ ቁጥቋጦ ተቆርጧል። ጉብታውም ጎድጓዳውም ጠፍቷል። ከግድግዳው እስከ አጥሩ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው፣ ልክ እንደታሰበው።

ጃርላት ከኪሱ ሜትሩን መዝዞ አንድ ሁለት ሜትር ጎተተ፤ ከምን ተነሥቶ ወደ ምን እንደሚለካ ስላጣ መልሶ ለቀቀው። «ፎቶ አለን!» አለ። «ሳንጀምር አንሥተናል።» ስልኩን አውጥቶ ፈለገና አገኘው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። እስከ ጉልበት የሚደርስ ሳማ ነው የሚታየው፣ ሌላ ምንም የለበትም።

«እንዲያው በግምት አንዱ ጋ ብናስቀምጣትስ?» አለ ጃርላት በፍርሃት።

«በሌላ ሰው ልጅ ላይ?»

ጃርላት ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ሌሎቹንም አወጣቸዋለሁ» አለ። «ሰኞ እጀምራለሁ።»

«አውጣቸው። አውጥተህስ የት ታደርጋቸዋለህ?»

ኖኒ ልትሰድበው ፈልጋ ነበር፣ ሳምንቱን ሙሉ ስድቡን ስታጠራቅም ነው የከረመችው፤ አሁን የሱን ፊት ስታይ ማንን እንደምትሰድብ ጠፋት። ድንጋዩን መኪናዋ የፊት ወንበር ላይ አስቀምጣ ወደ ቤቷ ነዳች።

እሑድ ቀኑ ፈካ። መኪናው ከመቃብሩ በር እስከ መስቀለኛው መንገድ ተሰልፏል። የመሠዊያው ግራ ጎን በጣውላ ተደግፎ ነጭ ጨርቅ ተደርቦበታል። ጃርላት ለንግግር ሲጠራ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ ብቻ ተቀመጠ፤ ሚስቱ ያመመው መስሏት ግንባሩን ዳሰሰችው። ቅዳሴው አለቀና ሰዉ በየመቃብሩ ተበተነ። ኤንዳና ሚስቱ በታዲ መቃብር አጠገብ ቆሙ። ኖኒ ወደ መኪናዋ ሄዳ ተመለሰች፤ ከልጇ ጋር ግን አልቆመችም። ባዶው ሣር ላይ፣ በሰሜን በኩል፣ የትኛው ጋ እንደሆነ ሳታውቅ፣ ድንጋዩን ታቅፋ ብቻዋን ቆመች።

ኤንዳ በሰዉ መሀል እየተሹለከለከ መጣ። «እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ሰው እያየን ነው። ያን ድንጋይ አስቀምጪውና ነይ፣ አባ ኪሊያን አባዬ መቃብር ጋ እየደረሱ ነው።»

«እኅትህ ናት» አለችው።

«ምን?»

«ካንተ በፊት የተወለደች እኅትህ። እዚህ የሆነ ቦታ ነው ያለችው። የቱ ጋ እንደሆነ አላውቅም፣ አጠፉብኝ። ይኼ ብቻ ነው የተረፈኝ።»

ኤንዳ እናቱን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ እግሩ ሥር ያለውን ሣር አየ፤ ከዚያ የት እንደሚረግጥ የጠፋበት ይመስል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

አባ ኪሊያን እንደማንኛውም ዓመት ከመንገዱ ጫፍ ደርሰው ሊዞሩ ነበር።

«አባ» አለች ኖኒ፤ ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። «እዚህም ሰው አለ።»

ቄሱ ቆሙ። ሦስት መቶ ሰው ዞረ። ጃርላት ወደ ቄሱ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር አላቸው፣ አጭር ነገር። አባ ኪሊያን ፊታቸው ተለወጠ፤ ረቡዕ ዕለት በመኪናው ደጃፍ ትተዋት መሄዳቸው ትዝ ያላቸው መሰለኝ። የጸበሉን ባልዲ ራሳቸው ይዘው በባዶው ሣር ላይ መጡ። ኖኒ ሌላም ሰው ይከተላል ብላ ጠበቀች። ፓኪ ሎፍተስ እናቱ መቃብር አጠገብ ቆሞ ጫማውን ያያል። ሌሎቹም እንዲሁ፤ ማን ማን እንደሆኑ ታውቃቸዋለች፣ አንድ በአንድ ልትጠራቸው ትችላለች። ማንም አልተንቀሳቀሰም። በነሱም አንጀቷ አረረ።

አባ ኪሊያን ረጩ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ጸበሉ ነጩን ሥር አርሶ በእጅጌዋ ወደ ክርኗ ወረደ። ከዚያ ቄሱ ወደ ሌሎቹ ተመለሱ፣ ሰዉም ማየቱን ቀስ በቀስ ተወ።

ኤንዳ ቀረብ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«አምጪ፣ እማዬ፣ ልያዝልሽ። ይከብድሻል።»

«ቆይ» አለች ኖኒ። «ገና አሁን እሷን ለኔ መስጠታቸው እኮ ነው።»